ቁርስ፣ እንቅልፍና ስኳር፦ ከሴቻ ሲታይ

ኅዳር 5 የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ነው፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ስኳር ላለበት የአርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ጿሚ እነዚህ ቀናት የሰዓትና የመድኃኒት ሒሳብ የሚሠራባቸው ናቸው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የዋለ ሰው ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «ስኳሬ ወረደ» የሚባለው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ለሕሙማን ታቀልላለች፤ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ሳያማክር የሚጾም ግን አይጠፋም።

«ቁርስ አይዘለል» የሚለው ምክር ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ልክ ነው። ለጤነኛው እጠራጠራለሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 13 ሙከራዎችን ሲፈትሹ ቁርስ የሚበሉት በቀን በአማካይ 260 ካሎሪ ያህል አብልጠው ይመገቡ ነበር፤ ክብደታቸውም አልቀነሰም። ሙከራዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ያም ሆኖ ቁርስ ያከሳል የሚለው ወሬ ማስረጃ አጥቷል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሰዓቱ ነገር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አላባማ ለስኳር የተቃረቡ 8 ወንዶች ጠዋት መብላት ጀምረው የመጨረሻ ማዕዳቸውን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲጨርሱ ተደረገ። ክብደታቸው ሳይቀንስ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሻለ። የእኛ ጿሚ አፉን የሚፈታው እነሱ በሚዘጉበት ሰዓት ነው! ሰውነት ስኳርን ጠዋት ከማታው ይልቅ በደንብ ያስተናግዳል፤ ስለዚህ የጾም ጥቅም ሲነሳ «ስንት ሰዓት?» ብቻ ሳይሆን «ከስንት እስከ ስንት?» መባል አለበት። ማለዳ በእህል ዱቄትና በሽፈራው ቅጠል የተሠራች ትኩስ ኩርኩፋና ሌሊት የተበላች ያቺው ኩርኩፋ ደም ውስጥ አንድ አይደሉም። (ሽፈራው ስኳር ያወርዳል የሚባለው በአብዛኛው በአይጥ ላይ የታየ ነው።)

እንቅልፉ ብዙ አያከራክርም። በ1999 እ.ኤ.አ. በቺካጎ 11 ጤነኛ ወጣቶች ለ6 ሌሊት በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ ሲቆዩ ስኳርን የማስተናገድ አቅማቸው ወረደ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2022 እ.ኤ.አ. እንቅልፍን በልብ ጤና መለኪያዎቹ ላይ ጨመረ። በሌሊት ጥበቃ የሚያድር ሰው የሚቸገረው በሁለቱም ነው፤ እንቅልፉንም ያጣል፣ የሚበላውም በማይስማማው ሰዓት ነው።

የሚበላው ያጣውስ? በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለ። ጎንደር ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች የገጠር ቀጫጭን ሕመምተኞችን ይዘው ይህንኑ ጥያቄ በ2009 እ.ኤ.አ. አንስተውት ነበር። ከላይ ያሉት የቁርስ ሙከራዎች ግን በአብዛኛው የተሠሩት አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ፣ ቁርሱን ወድዶ በሚዘልል ሰው ላይ ነው፤ አጥቶ በሚዘልል ላይ አይደለም።