የተቀናበረ ቪዲዮ ወደ ካሴት ሲገለበጥ የሚደርሰው የሥዕል መዝለልና መፍትሔው

በኮምፒዩተር የተቀናበረ ትምህርታዊ ቪዲዮ ወደ ካሴት ከተገለበጠ በኋላ ሥዕሉ አንዳንድ ጊዜ እየዘለለ ይታያል። የፔንዱለምን እንቅስቃሴ የሚያስረዳ ትምህርት በዚህ ሁኔታ ቢቀርብ፣ ተማሪው የሚመለከተው የተፈጥሮን ሕግ ሳይሆን የመሣሪያውን ጉድለት ይሆናል። ዛሬ ቪዲዮ በአብዛኛው በፋይል የሚሰራጭ ቢሆንም፣ በካሴት ለሚገለገሉ ክፍሎች የጉድለቱን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ችግሩ በአመዛኙ የሚመነጨው ከሁለቱ መሣሪያዎች የአሠራር ልዩነት ነው። ካሴት አንድ ጊዜ መቅረጽ ከጀመረ በማይለዋወጥ ፍጥነት ይጓዛል፤ ኮምፒዩተሩን አይጠብቅም። ዲቪ የተባለው የዲጂታል ቪዲዮ ስልት በፓል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስሎች ይመዘግባል። ለዚህም በየሴኮንዱ 3.6 ሜጋባይት፣ በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል መረጃ ሳይቋረጥ መቅረብ አለበት። ኮምፒዩተሩ ለቅጽበት ቢዘገይ አዲሱ ምስል በጊዜው ስለማይደርስ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል።

ከመፍትሔው በፊት ምርመራ ይቀድማል። ይኸውም ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ገልብጦ ማነጻጸር ነው።

ሀ/ ዝላዩ በየግልባጩ ቦታውን የሚለዋውጥ ከሆነ፣ ጉድለቱ የመረጃው አቅርቦት ነው። ሌሎች ፕሮግራሞችን፣ የኃይል ቁጠባንና የኢንተርኔት ግንኙነትን መዝጋት፣ ቪዲዮውንም በቂ ባዶ ቦታ ባለው የተለየ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለ/ ዝላዩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚታይ ከሆነ፣ ጉድለቱ በቅንብሩ ውስጥ ነው። በዚያ ቦታ የገባውን ጽሑፍ ወይም የምስል መሸጋገሪያ አስቀድሞ አሠርቶ በአንድ ፋይል ማጠቃለል ይገባል።

ሐ/ የቆመው ነገር ጥርት ብሎ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ተዛብቷል። እያንዳንዱ ምስል በሁለት ተራ በሚቀርቡ መስመሮች የተሠራ ሲሆን፣ በዲቪ የታችኛው ተራ ይቀድማል። ቅንብሩ የላይኛውን ካስቀደመ እንቅስቃሴው ወደፊትና ወደኋላ ይዋዥቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ እንደገና ማውጣት ግድ ነው።

መ/ አንዱ ካሴት በተጫወተ ቁጥር በተለያየ ቦታ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች እያሳየ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የማጫወቻው ራስ መጽዳት ይኖርበታል።

ዕቅድ አውጪዎችም የአንድ ሰዓት ትምህርት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት፣ ግልባጩን ለመመርመር ሌላ አንድ ሰዓት እንደሚያስፈልግ በሥራ ሰሌዳቸው ሊያካትቱ ይገባል። የምርመራው ሰዓት ከተቀነሰ ጉድለቱ የሚገኘው ተማሪዎች ፊት ነው። ግልባጩ እስከ መጨረሻው ታይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ዋናው ፋይል መደምሰስ የለበትም።