ዳጉ የሚቆምበት በር

ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ብለው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ይሉና ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ የት ደረሰ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። የሰሙትን ሳያዛቡ ማቀበል ግዴታ ነው፤ ያጣመመ በባህሉ ይጠየቃል። አዋሽ ከጊንጪ ወገን ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ሐይቆች በሚገባባት በአፋር ክልሏ አፋምቦ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ወሬ አይጠፋም።

የትምህርት ቤት አማካሪ ሥራ በዚህ አገር የሚከብደው ለዚህ ነው። ሙያው የሰሙትን አለማቀበል ነውና።

በወረቀት ስሙ የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ባለሙያ ነው፤ ተማሪው ግን «ጋይዳንስ» ብሎ ያሳጥረዋል። ጅማሬው ሥራ ፈላጊን መርዳት ነበር፤ ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ ለወጣቶች የሙያ ምርጫ ቢሮ ከፈተ። ያ የሥራው ክፍል እኛም ጋ አለ። 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ሲባል አባት ወደ አንዱ፣ ጓደኛ ወደ ሌላው ይጎትታል። ጥሩ አማካሪ የልጁን ውጤትና ዝንባሌ ፊቱ ዘርግቶ ያነጋግረዋል እንጂ አይመርጥለትም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት ሪሚዲያልም ቴክኒክና ሙያም እንዳለ የሚነግራቸው ማነው? እንደ እኔ የአማካሪው ትልቁ የሥራ ቀን ውጤት የሚለጠፍበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ቢሮው ተቆልፎ ከተገኘ በሌላው ቀን ባይከፈትም ግድ የለም።

ከባዱ ጉዳይ ግን በፈተና ስም አይመጣም። ልጅቷ መጀመሪያ «ራሴን ያመኛል» ትላለች። በሳምንቱ ትመለሳለች፣ አሁንም ራሷን ነው። በሦስተኛው አብሱማ መጣ፤ የአክስትና የአጎት ልጆችን የሚያጋባው ልማድ፣ እሷም ተራዋ ደርሷል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ሕጉን ጮኾ ማንበብ ግን ልጅቷን በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሊያስቀር ይችላል። አማካሪዋ ገና ከመነሻው «ምስጢርሽን እጠብቃለሁ፤ አደጋ ካየሁ ግን ለሚረዳሽ ሰው ሳልናገር አልቀርም» ማለት አለባት። ከዚያ ከልጅቷ ጋር ይመክራሉ፤ ቀድሞ የሚነገረው ለእናት ነው፣ ለጎሳ ሽማግሌ ወይስ ለሴቶች ጉዳይ? አማካሪዋ ለአንድ ባልደረባ እንኳ ብታሾልከው ወሬው ሳይመሽ ውኃ መቅጃው ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያንን በር የሚያንኳኳ አይኖርም።

ሌላው በር ዘጊ ቅጣት ነው። ቢሮ መጠራት ለተማሪ «ወላጅ አምጣ» ማለት ነው። አማካሪውን አርፋጅ እንዲያንበረክክ ያዘዘ ርዕሰ መምህር አማካሪ አጥቷል፤ ያገኘው ሁለተኛ ዩኒት ሊደር ነው።

የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይመደብ ይላል። እኛ ጋ ለመላው ትምህርት ቤት አንድ ከተገኘም ደግ ነው፤ ካልተገኘ ሸክሙ የሆም ሩም መምህሩና የሴቶች ክበብ ኃላፊዋ ላይ ያርፋል። ደግሞ በአርብቶ አደር ቀዬ ይበልጥ የተቸገረው ልጅ በእግሩ አይመጣም። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ መንደሮችን ሲያጥለቀልቅ፣ በ2017 አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጡ፣ ቤተሰብ ከነልጁ ተነሳ። ስለዚህ የአማካሪው ዋና መሣሪያ የስም መጥሪያው ነው። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ሰፈሩን ጠይቆ ይሄዳል፤ ዳጉ እዚህ ላይ ይረዳዋል፣ ቤተሰቡ የት እንደሰፈረ መንገደኛው ያውቃል። ሲደርስም ስለ ትምህርት አይጀምርም። መሬት ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ አያትየው ጤና ይጠይቃል፤ የልጁ ነገር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።