ደም የምትወልደው ሕዋስ

ተመራማሪዎቹ ጀምስ ቲል እና ኧርነስት ማኩሎክ ስቴም ሴል ፍለጋ አልወጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ቶሮንቶ ውስጥ የያዙት ሥራ ጨረር መቅኔን ምን ያህል እንደሚጎዳ መለካት ነው። አይጦችን ሊገድል በሚችል መጠን በጨረር መቱና የጤነኛ አይጥ መቅኔ በደም ሥራቸው ሰጧቸው። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ የአይጦቹ ጣፊያ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ እብጠቶች ታዩ።

ሌላ ሰው ቢሆን የበሽታ ምልክት ብሎ ያልፈው ይሆናል። እነሱ ግን ቆጠሩት። ብዙ መቅኔ የወሰደው አይጥ ብዙ እብጠት አለው፣ ጥቂት የወሰደው ጥቂት፤ ስሌቱም ለ10,000 የመቅኔ ሕዋሳት አንድ ገደማ እብጠት ሆነ። በ1963 ደግሞ አንዱ እብጠት እንዳለ ከአንዲት ሕዋስ የተወለደ መሆኑን አሳዩ። ልጆቿ ቀይም ነጭም የደም ሕዋሳት ናቸው።

ስቴም ሴል የምትባለው ይህች ናት፤ ራሷን ትተካለች፣ ሌላ ሥራ ያላቸውንም ትወልዳለች። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ስለሆነ ሰውነታችን በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዲስ ማምረት አለበት። የሚገርመው፣ እናቲቱ ራሷ የምትከፈለው አልፎ አልፎ ነው። በተከፈለች ቁጥር ዘረመሏ ሲገለበጥ ስህተት ሊገባበት ስለሚችል፣ ድካሙን ለልጆቿና ለልጅ ልጆቿ ትታ መቅኔ ውስጥ አድፍጣ ትቀመጣለች።

የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚሠራው በእሷ ነው። በ1957 የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ይፋ ያደረገው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1990 ኖቤል ተሸልሟል። ንቅለ ተከላ ሲባል ቢላዋና ስፌት የሚጠብቅ ሰው ግን ያየው ነገር ግራ ያጋባዋል። ቀድሞ የታማሚው መቅኔ በከባድ መድኃኒት፣ አንዳንዴም በጨረር ይጸዳል። ከዚያ እንደ ማንኛውም ደም በከረጢት የተሰቀለ ቀይ ፈሳሽ በቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ በቃ። ሕዋሳቱ ከመቅኔ የሚወጣውን ኬሚካላዊ ጥሪ ተከትለው አጥንት ውስጥ ይገባሉ። አዲስ ደም እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ያ ጊዜ ክፉ ነው፣ ታማሚው ተራ ጉንፋን እንኳ የሚከላከልበት አቅም የለውም። ለጋሽ ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ከተሳካ፣ የደም ዓይነቱ ኦ የነበረው ሰው ከኤ ለጋሽ ወስዶ እንደሆነ በወራት ውስጥ ደሙ ኤ ይሆናል። የደም ዓይነቱን በቃሉ የያዘ ሰው እንደገና ሊያጠና ነው!

በታኅሣሥ 2023 አሜሪካ የፈቀደችው የሲክል ሴል የደም በሽታ ሕክምና ለጋሽ አይጠይቅም። የታማሚው የራሱ ስቴም ሴሎች ወጥተው ዘረመላቸው ላቦራቶሪ ውስጥ ተስተካክሎ ይመለሱለታል።

እነዚህ ሁሉ የተሳኩት የደም እናት ደም እንድትወልድ ስለተደረገ ነው። ስቴም ሴል ሁሉን ያድናል እያሉ ለጉልበቱም ለዓይኑም አንድ ዓይነት መርፌ የሚሸጡት ይህን ይዘሉታል። በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት አረጋውያን ሴቶች ከሆዳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወጉ። የስብ ሕዋስ ሬቲና አይሆንም። ሴቶቹ ከዚያ በፊት የነበራቸው እይታ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሕክምናውንም የወሰዱት ከኪሳቸው ከፍለው ነበር።