ሄርኒያና የላላ ሆድ በአንድ ቀዶ ሕክምና

"ከወለድኩ ወዲህ እምብርቴ ተገፍቶ ወጣ፣ ሆዴም ተንጠለጠለ። ሁለቱን በአንዴ ትሠሩልኛላችሁ?" የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። የሆድ ቆዳን ከታች ከፍተን ስናነሳ እምብርቱ የተገፋበት የሆድ ግድግዳ ቀዳዳ (ሄርኒያው) ፊት ለፊት ይታያል፤ እንሰፋዋለን፣ ሰፊ ከሆነ መረብ እናደርግበታለን፣ የተራራቁትን ጡንቻዎች አቀራርበን ትርፉን ቆዳ እንቆርጣለን።

እኔን የሚያሳስበኝ እምብርቱ ነው። ቆዳው ሲነሳ ከዙሪያው የሚያገኘው ደም ይቋረጣል፤ ሄርኒያው ሲጠገን ደግሞ ከሥር የሚመጣውም ሊጎዳ ይችላል። ለሚያጨስ ሰው ይብሳል፤ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመው ያቁሙ። ገና መውለድ የሚያስቡ ከሆነ ይቆዩ። ቀዶ ሕክምናው ክብደት መቀነሻም አይደለም (ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው አሉ)።

የሄርኒያው እብጠት ድንገት ከጠጠረ፣ ካመመ፣ አልመለስ ካለ ወይም ካስመለሰዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።