ጆሮ ጠቢዎቹና ሁለቱ ኃያላን

በ1945 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሶቭየት ልጆች ሞስኮ ለነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ መንግሥት አርማ በስጦታ ሰጡ። አርማው በአምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ሰባት ዓመት ያህል ተሰቅሎ ኖረ። በሆዱ ድምፅ መጥለፊያ ነበረበት። ባትሪ የለው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለው፤ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ስለሚሠራ በፍተሻ ማግኘቱ አዳጋች ነበር። በ1952 ሲደረስበት ዋሽንግተን ነገሩን ዋጥ አደረገችው። አደባባይ ያወጣችው በ1960፣ ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላኗ ተመትቶ ወድቆ ሞስኮ በጸጥታው ምክር ቤት ስትከሳት ነው።

ያኔም አሜሪካ መጀመሪያ «የአየር ጠባይ ማጥኛ አውሮፕላን ነው» ብላ ነበር። የሶቭየቱ መሪ ክሩሽቼቭ አብራሪው በሕይወት መያዙን ደብቀው ጠበቁና ውሸቱ ከተነገረ በኋላ ገለጡት። የፓሪሱ የመሪዎች ጉባኤ ፈረሰ፤ አሜሪካውያንም መንግሥታቸው ሲዋሽ እጅ ከፍንጅ ተይዞ አዩ።

የስለላ ጦስ ግን ከሁሉ የበረታው በየአገሩ ጓዳ ነው። የአቶም ቦምብን ምስጢር ለሶቭየት ያቀበለው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ፉክስ በየካቲት 1950 ለንደን ውስጥ ተያዘ። በሳምንቱ አሜሪካዊው ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ የአገራቸው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኮሚኒስቶች ተሞልቷል ብለው ተነሡ። ሰላይ መኖሩ እውነት ነበር። ማስረጃው ግን ቬኖና በተባለው የምስጢር መልእክት መፍቻ ፕሮጀክት ተቆልፎ ስለነበር (ይፋ የሆነው በ1995 ነው) ሜዳው ለጯሂ ቀረ። ከስለላ ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው መምህራን፣ የፊልም ደራሲዎችና የመንግሥት ሠራተኞች እንጀራቸውን አጡ።

በሶቭየት በኩል ጠላት ፍለጋው ራሱ መንግሥት ሆነ ማለት ይቻላል። የስለላና የጸጥታ ድርጅቱን ኬጂቢን ለ15 ዓመት የመሩት ዩሪ አንድሮፖቭ ተቃዋሚዎችን የሚከታተል ልዩ ክፍል አቋቋሙ፤ በ1982ም የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሆኑ። አሜሪካም ብትሆን የስለላ ድርጅቷ የሲአይኤ ኃላፊ የነበሩትን ጆርጅ ቡሽን ፕሬዚዳንት አድርጋለች። ልዩነቱ፣ በ1975 የሴናተር ፍራንክ ቸርች ኮሚቴ ሲአይኤ የዜጎችን ደብዳቤ ይከፍት እንደነበርና የውጭ መሪዎችን ለመግደል ማሴሩን አጋልጧል። ኬጂቢን እንዲህ የጠየቀ ምክር ቤት አልነበረም።

ስለላ ሰላም ያገዘበት ጊዜም አለ። የኬጂቢው ኮሎኔል ኦሌግ ጎርዲየቭስኪ ለብሪታንያ በድብቅ ይሠራ ነበር። ክሬምሊን የኔቶን የ1983 ልምምድ የኑክሌር ጥቃት መጀመሪያ እንዳይሆን ከልቡ መፍራቱን ያሳወቀው እሱ ነው። ይህ መረጃ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ረድቷል ይባላል።

በነሐሴ 1991 የኬጂቢው አለቃ ክሪዩችኮቭ የተሳተፉበት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ ከኬጂቢ በፊት የነበረውን የምስጢር ፖሊስ የመሠረተው የጄርዝሂንስኪ ሐውልትም ከሞስኮው ሉቢያንካ አደባባይ ተነሣ። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን በምሥራቅ ጀርመን ድሬስደን ያገለገለው የቀድሞ የኬጂቢ መኮንን ቭላድሚር ፑቲን ክሬምሊን ገባ።