ግቢን በድንጋይ፣ በዛጎልና በእንስራ ማስዋብ፦ ‘የተፈጥሮ’ የሆነ ሁሉ ጉዳት የለውም?

ከአዲስ አበባ እስከ ሞምባሳ፣ ግቢውን ማስዋብ የሚሻ ሰው ብዙ ወጪ ላያስፈልገው ይችላል። ድንጋይ፣ ጠጠር፣ ቀርከሃ፣ የደረቀ ግንድ፣ የተሰነጠቀ እንስራ ሳይቀር ለዓይን የሚማርክ ስፍራ ይፈጥራሉ።

ይሁን እንጂ ዕቃው ከተፈጥሮ መገኘቱ ብቻ ጉዳት የለሽ አያደርገውም። ከየት እንደተነሳና በግቢው ውስጥ ምን እንደሚያስከትል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ውሃ የሚያሳልፍ ካብ

በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ ተዳፋት መሬቱን ለዘመናት ያለ ሲሚንቶ በተካበ ድንጋይ ሲጠብቅ ኖሯል። ዩኔስኮ ይህን ባህላዊ መልክዓ ምድር በአውሮፓውያኑ 2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ካቡ አፈሩን ይይዛል፤ ትርፉን ውሃ ግን በድንጋዮቹ መካከል ያሳልፋል። ለግቢም ቢሆን ትልልቁን ድንጋይ ከታች አድርጎ በከፊል መቅበርና ካቡን ወደ አፈሩ ጥቂት ማዘንበል ይጠቅማል። በሲሚንቶ የተሸፈነ ግቢ ግን ዝናቡ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ስለሚከለክል ጎርፉን ወደ ጎረቤት ይገፋል።

ባሕሩ የሚያጣው

በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ለጌጥ የሚለቀም ባዶ ዛጎል፣ ገላቸው ለስላሳ ለሆነ ሸርጣኖች ቤታቸው ነው። በውበቱ የሚፈለገው ትራይተን የተባለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ደግሞ ኮራልን የሚያወድመውን እሾሃማ የኮከብ ዓሣ ከሚመገቡ ጥቂት ፍጥረታት አንዱ ነው። እርሱ ሲመናመን ኮራሉ ጠባቂ ያጣል።

ድንጋያማ ኮራሎችን ድንበር አሻግሮ መነገድ ሳይትስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበትና ፈቃድ የሚሻ ነው።

የቆመ ውሃ

ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው ውሃ በሚያቁር ጌጥ ላይ ነው። ከደቡብ እስያ የመጣው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በአውሮፓውያኑ 2012 በጂቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ ተገኝቷል። በሱዳን፣ በሶማሊያና በኬንያም ታይቷል። ይህ ትንኝ በከተሞች ውሃ በሚያጠራቅሙ ዕቃዎች ውስጥ ይራባል። በ2022 በድሬዳዋ የተከሰተውን የወባ ወረርሽኝም ተመራማሪዎች ከዚሁ ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

ስለዚህ ለጌጥ የሚቀመጥ እንስራ ታችኛው ክፍሉ ሊበሳ፣ በአፈር ሊሞላ ወይም ሊደፋ ይገባል። ወፎች የሚጠጡበት የድንጋይ ገበታ ካለም በየጥቂት ቀናቱ መደፋትና ጠርዙ መፈግፈግ ይኖርበታል፤ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ዕድገት በሞቃት ስፍራ በአንድ ሳምንት ገደማ ሊጠናቀቅ ይችላልና።

በገንዳ የሚተከል የውሃ አበባም ጥንቃቄ ይሻል። ጣናንና የቪክቶሪያ ሐይቅን የወረረው እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ ብዙ የዓለም ክፍሎች የተዛመተውም ሐምራዊ አበባው ለጌጥ ስለተወደደ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥያቄ የማያስነሳው ቁስ ከግቢው ሳይወጣ የሚገኘው ነው። የተገረዘ ቅርንጫፍ ለአጥር፣ የረገፈ ቅጠል ለአፈር ልብስ ይሆናል፤ ቅጠሉ የዛፉን ግንድ እንዳያበሰብስ ጥቂት ራቅ አድርጎ መነስነስ ብቻ ይበቃል።