የጦር መሣሪያ ዝውውር ፈቃድ በአሜሪካ፦ ዓመት ይፈጅ የነበረው ውሳኔ እንዴት በቀናት ተጠናቀቀ?

በአሜሪካ ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የመሣሪያ ድምፅ ማፈኛ የገዛ ግለሰብ፣ ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን ለመረከብ እ.ኤ.አ. ከ2021 በፊት በነበሩት ዓመታት በአብዛኛው 8 ወራትና ከዚያ በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 1 ዓመት ይጠብቅ ነበር። ዕቃው በነጋዴው መጋዘን ተቆልፎ ይቆያል፤ ማመልከቻው በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በማርቲንስበርግ በሚገኘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተራውን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ግን በርካታ ማመልከቻዎች በቀናት ውስጥ ውሳኔ ማግኘት ጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የማጣራቱ ግዴታ አልተነሣም።

የዚህ ፈቃድ መሠረት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1934 የፈረሙት ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው በቺካጎና በሌሎች ከተሞች የወንጀል ቡድኖች በመትረየስ ግድያ ይፈጽሙ በነበረበት ዘመን ማግሥት ሲሆን፣ መትረየስን፣ አፈሙዛቸው ያጠረ ጠመንጃዎችንና ድምፅ ማፈኛን የመሳሰሉ መሣሪያዎችን በማዕከላዊ መዝገብ እንዲሠፍሩ አድርጓል። በእያንዳንዱ ዝውውር ላይም 200 ዶላር የቴምብር ቀረጥ ጥሏል። ገንዘቡ በዚያን ጊዜ የአንድ ቶምሰን መትረየስ ዋጋ ያህል ስለነበር፣ ዓላማው ገቢ መሰብሰብ ሳይሆን ገዢውን ማራቅ እንደነበር መረዳት አያዳግትም።

ፈቃዱን የሚሰጠው የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂዎች ቢሮ ነው። አመልካቹ ቅጹን ከፎቶግራፍና ከጣት አሻራ ጋር ያቀርባል፤ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የወንጀል መዝገቡን ያጣራል፤ መርማሪውም ሰነዱን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ይወስናል። በወረቀት በሚሠራበት ጊዜ ቅጹ በፖስታ ይላካል፣ ክፍያው በባንክ በኩል ያልፋል፣ በቅጹ ላይ የሠፈረውም መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ዳግም በእጅ ይገባል። የመለያ ቁጥር ላይ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ መዝገቡ ወደ ላኪው ይመለሳል። ስለሆነም ከጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ሰውየውን ማጣራት ሳይሆን ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እስኪደርስ መጠበቁ ነበር።

የደንብ ለውጥም በራሱ ውዝፍ ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 2016 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ የአካባቢ ፖሊስ ኃላፊ ፊርማ መሆኑ ቀርቶ ማሳወቂያ ብቻ በቂ እንዲሆን ሲያደርግ፣ በአደራ ተቋም ስም የሚያመለክቱ ኃላፊዎች በሙሉ አሻራ እንዲሰጡ አስገድዷል። ከቀነ ገደቡ በፊት ለማስገባት የተጣደፉ አመልካቾች ያስከተሉት ክምችት ለረጅም ጊዜ ተራውን አራዝሞታል።

የኤሌክትሮኒክ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2013 ቢጀመርም ሥርዓቱ ጫናውን ባለመቋቋሙ ለግለሰቦች ዝውውር የሚያገለግለው ቅጽ በ2014 ተቋርጧል፤ ዳግም የተከፈተው በታኅሣሥ 2021 ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን መፍትሔው ወዲያው አልመጣም። አመልካቾች በመብዛታቸው የኤሌክትሮኒኩ ተራ በ2023 ራሱ ከግማሽ ዓመት በላይ ደርሶ ነበር። ጊዜው በቀናት ወደሚቆጠርበት ደረጃ የወረደው የአሠራር ማሻሻያ ሲታከልበት ነው። ኮምፒዩተር ብቻውን ሥራውን ያቃልላል ብሎ ለሚያስብ ኃላፊ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው መሥሪያ ቤቱ ዝም ሲል የሚከተለው ውጤት ነው። በ1934ቱ ሕግ መሠረት መልስ ካልመጣ ዕቃው አይተላለፍም፤ የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው አመልካቹ ነው። ለተራ ሽጉጥና ጠመንጃ ግን ሁኔታው ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ፈጣን የማጣሪያ ሥርዓት በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ነጋዴው መሣሪያውን ሊያስረክብ ይችላል፤ የመዘግየቱ ዋጋ ወደ ሕዝብ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን 9 ሰዎችን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚህ ክፍተት ነበር። ሊከለክለው ይችል የነበረው የእስር መረጃ በሌላ ፖሊስ ጣቢያ ስም በስሕተት በመሥፈሩ መርማሪዋ በጊዜው አላገኘችውም፤ ይህንንም በወቅቱ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ በይፋ አምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ገዢዎች የማጣሪያ ጊዜው እስከ 10 የሥራ ቀናት ሊራዘም እንዲችል አድርጓል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመ ሕግ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በድምፅ ማፈኛና አፈሙዛቸው ባጠረ ጠመንጃዎች ላይ የነበረውን 200 ዶላር ቀረጥ ወደ ዜሮ አውርዶታል፤ በመትረየስና ቦምብን በመሳሰሉት ላይ ግን እንዳለ ነው። ምዝገባው፣ አሻራውና ቅድመ ፈቃዱ አልተነሡም፤ ገዢውም እንደ ቀድሞው ውሳኔ ሳያገኝ ዕቃውን አይረከብም።